የስውር ዘንግ ነገር

ሲቀላ፣ ሰኔ 20 ቀን፣ ሰኞ

ውድ ጋሽ ተክለወልድ፣

የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የፖም ችግኞችዎንም ጤና በየማዕረጋቸው ከጠየቅሁ በኋላ ስለ እኔ ልንገርዎ፦ ደህና ነኝ። ሥራዬም እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ደህና ነው።

ይህን የምጽፍልዎ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ከጨንቻ ወርደው፣ በምዕራብ ዓባያ መንገድ ላይ ባለው የሙዝ ገበሬዎች ማኅበር ሽማግሌዎች ፊት ቆመው፣ አንዲት አጭር ነገር እንዲናገሩልኝ ለመለመን ነው። ካልመጡ እኔ ሥራዬን አጣለሁ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ከሥራ የሚበልጥ ነገር አጥቶ ይቀራል።

ደብዳቤ ለምን እንዳስፈለገ ያውቁታል። ስልክዎን አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አራት ጊዜ ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለችኝ። ሰባት ጊዜ ደግሞ እርስዎ ራስዎ አንስተው «ኔትወርክ የለም!» ብለው ዘጉብኝ። ኔትወርክ የሌለው ሰው ድምፁ እንዲህ ኩልል ብሎ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደብዳቤ ግን መሐል ላይ አይዘጋም። የጨንቻው ሚኒባስ ሹፌርም በእጃቸው ሳልሰጥ አልመለስም ብሎ ምሎልኛል።

መጋቢት ላይ ወደ ሱቃችን ስገባ ምን እንደመሰልኩ አልረሱትም። ዲግሪዬን በፕላስቲክ አሽጌ፣ የሠርግ ጫማዬን ተጫምቼ፣ ደረቴ ላይ «የሽያጭ መሐንዲስ» የሚል ባጅ ለጥፌ። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ለጸሎት ጓደኞቿ «ኖላዊት መሐንዲስ ናት» ትላለች፤ «የምን?» ሲሏት «የውሃ» ብላ ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። የቧንቧ መዝጊያ ሻጭ መሆኔን ለመናገር ገና ጸሎት ላይ ናት።

በሦስተኛው ቀኔ ስልክ ጮኸ። አንድ ገበሬ ነው። «ዘጠና ቫልቭ አላችሁ?» አለኝ። «አለን!» አልኩ። «ነገ እመጣለሁ፣ አዘጋጁልኝ» ብሎ ዘጋ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ኃይለመስቀል ይህን ሲሰሙ ለዋናው መሥሪያ ቤት የደስታ መልእክት ላኩ። ጫኞቹ ግማሽ ቀን ሙሉ እያላባቸው ዘጠና ቫልቭ በራፉ ላይ ደረደሩ። በነጋታው ሰውየው መጣ። በብስክሌት! የፈለገውም ዘጠና ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ላይ የምትገጠም አንዲት ቫልቭ ነበር።

እርስዎ ያን ጊዜ አልሳቁም። ሰውየው ቫልቩን ኋላ ወንበሩ ላይ አስሮ እስኪሄድ፣ አቶ ኃይለመስቀልም ቢሯቸውን ከውስጥ እስኪቆልፉ ድረስ እንደ ዲያቆን ፊትዎን አኮሳትረው ቆዩ። ከዚያ እዚያው ቫልቮቹ መሐል ተቀምጠው እንባዎ እስኪወርድ ሳቁ። እየጠረጉም «አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «የፕላስቲክ ቱቦ በውጭው ነው የሚለካው፣ ቫልቭ በውስጡ። ዘጠና ያለሽ ሰው ሦስት ኢንች ማለቱ ነው። ቁጥር ስትሰሚ 'የምን?' ሳትዪ እስክሪብቶ እንዳታነሺ።» አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ማንም እንዲህ አድርጎ አላስተማረኝም። ያን ቀን ልነግርዎ ፈልጌ ያፈርኩትን ዛሬ ልናገር፦ ማታ ቤቴ ሄጄ ሥራ መልቀቂያ ጽፌ ነበር። የቀደድኩት በእርስዎ ሳቅ ምክንያት ነው። ሰው ሊያባርረው ባሰበው ሰው ላይ እንደዚያ አይስቅም።

ከዚያ የብሮሹሩ ነገር መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ቫልቭ ለሸጠ ሰው ቫልቭ ማስረዳት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚዞር ግን ልድፈር። አንደኛዋ ዓይነት መዘውሯ ሲዞርና ስትከፈት ዘንጓ ወደ ላይ ብቅ እያለች ትረዝማለች፣ ስትዘጋ ትገባለች። ከሩቅ ያያት ሁሉ ክፍት መሆኗን ያውቃል። ሁለተኛዋ ዘንጓ እዚያው ውስጥ ትሽከረከራለች እንጂ አትወጣም። አጭር፣ አቧራ የማይነካት፣ ጭምት ናት። እርስዎ «ለዚችኛዋ የአማርኛ ስም ፈልጊላት» አሉኝ። ሦስት ቀን አሰብኩ። «ዘንገ ስውር» ልላት ሁሉ ቃጥቶኝ ግዕዙ በዛ ብዬ ተውኩት። በመጨረሻ «ስውር ዘንግ» አልኩና ብሮሹሩ ላይ በትልቁ አሳተምኩት። እርስዎ መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ ሰቅለው «ያምራል» አሉ። ያምራል! እኔም አመንኩዎት።

የመጨረሻውን ትምህርት የሰጡኝ ጡረታ የወጡ ዕለት ነው፣ ቦርሳዎን አንግበው በሩ ላይ ቆመው። «ጌት ቫልቭ ስትፈትሺ ኢንቹን በሦስት አባዢና ሁለት ጨምሪ። ባለ ስድስት ኢንች ከሆነች ሃያ ዙር ላይ ትቆማለች። ከዚያ በጣም አልፋ ከዞረች አንዳችሁ ታማችኋል፤ ወይ እሷ፣ ወይ አንቺ።» ይህን ብለው ወደ ፖምዎ ወጡ። እኔ ከአቶ ኃይለመስቀልና ከአርባ ስውር ዘንግ ጋር ቀረሁ።

አርባዎቹን ያውቋቸዋል፤ መጋዘኑ ውስጥ ከእርስዎ ጋር ያረጁ ናቸው። አቶ ኃይለመስቀል ጠርተውኝ «ኖላዊት፣ የሙከራ ጊዜሽ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል» አሉ። «እነዚህን ብረቶች ሐምሌ አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ካየኋቸው፣ አንቺን አላይሽም።» በዚያው ሳምንት የሙዝ ገበሬዎቹ ማኅበር ደወለ። ዋናው መስመር ላይ፣ ውሃው ለላይኞቹና ለታችኞቹ ማሳዎች በሚከፈልበት ቦታ አንድ ትልቅ ቫልቭ፣ በየቅርንጫፉ ደግሞ ሌሎች አሥራ ሦስት ይፈልጋሉ። እነሱ ከገዙን ሌሎቹ ማኅበራትም ይከተላሉ ተባልኩ። «የምን?» ብዬ ጠየቅሁ። «የብረት፣ ባለ ስድስት ኢንች» አሉኝ። እስክሪብቶ አነሳሁ። ኩራትዎ እንድሆን ነው ይህን የምነግርዎ።

ባለፈው ሐሙስ ብሮሹሬን በብብቴ፣ ትንሿን ናሙና ቫልቭ በእጄ ይዤ ሄድኩ። ስብሰባው ዱቡሻቸው ላይ ነበር፤ ሽማግሌዎች ነገር የሚሰሙበት፣ በትልቁ ዛፍ ሥር ድንጋይ የተደረደረበት ቦታ። ላይኞቹ በአንድ በኩል፣ ታችኞቹ ፊት ለፊታቸው። መሐል ላይ ሃላቃ ኦይታ፣ የሽማግሌዎቹ መሪ።

«አንተ ነህ ኢንጂነር?» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«ና፣ ተቀመጥ።»

ከታችኞቹ ወገን አንዲት ሴት ሳቀች። ዘሪቱ ትባላለች፤ ቆይቶ እንደገባኝ የታችኛው ወገን ምላስ እሷ ናት። «ሃላቃ፣ ሴት ናት እኮ!»

«ዓይን አለኝ» አሉ ሃላቃ ኦይታ። «ኢንጂነር ነው ያልኩት።»

ብሮሹሩን አደልኩ። ስለ ብረቱ ጥራት፣ ስለ ውሃ ግፊት፣ ስለ ዋስትና ተናገርኩ። ያስተማሩኝን ሁሉ አደረግሁ፤ ደንበኛ እስኪያነብ ዝም ማለትን ጭምር። ዘሪቱ ጮክ ብላ አነበበች። «ስ…ውር ዘንግ።» ቀና አለች። «ስውር? ከማን ነው የተሰወረው?»

«ማለቴ፣ ዘንጉ ውስጥ ስለሆነ…»

«ስውር እጅ ሰምቻለሁ። ስውር ሴራ ሰምቻለሁ። ሰው ደፍሮ ስውር ነው ብሎ ሲሸጥልኝ ግን ዛሬ ገና ነው።» ታችኞቹ አጉረመረሙ። ላይኞቹ መሬት መሬት አዩ።

ጋሽ ተክለወልድ፣ እዚያ ሰፈር ለሦስት ዓመት ስለ ውሃ ስርቆት ሲካሰሱ መኖራቸውን ማን ነገረኝ? የሌባ ነገር በሚሰማበት ሸንጎ መሐል ገብቼ፣ በባለ ቀለም ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ስውር» እያልኩ አደልኩ። በሰባት ቀለም ነው ያሳተምኩት።

ሃላቃ ኦይታ በከዘራቸው ወደ መስመሩ ጠቆሙ። አርባ እርምጃ ያህል ርቃ የድሮዋ ቫልቭ ትታያለች። «እዛ ያለው እሷ» አሉ፤ «አሁን ክፍት ነው ዝግ ነው?»

«ከዚህ ሆኖ አይታወቅም አባ።»

«ጠጋ ብትል?»

«ጠጋ ብዬም አይታወቅም። እሷም ስውር ዘንግ ናት።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«ያዞራት ሰው» አልኩ።

ከአፌ ሳይወጣ ብሞት ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ራሳቸውን አዙረው ከድንጋዮቹ ውጭ፣ ብቻውን የተቀመጠ አንድ ሰው አዩ። ሲሳይ ይባላል፤ ከላይኞቹ ወገን ነው፤ የውሃው ከፋች እሱ ነው። የታችኞቹ ተራ በደረሰ ቀን ሁሉ ግማሽ ከፍቶ ሙሉ ከፈትኩ ይላል ተብሎ ከተከሰሰ ሦስት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ከድንጋዮቹ ላይ አይቀመጥም፤ ለልጁ ሠርግም ከታችኞቹ የመጣ የለም። ሥራውን ግን አልነጠቁትም፤ ሌላ የሚያዞር አልተገኘማ።

«ሃያ ዙር ነው የምከፍተው» አለ ሲሳይ ከተቀመጠበት፣ ብዙ ጊዜ ብሎት በደከመ ድምፅ። «ሁልጊዜ ሃያ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል» አለች ዘሪቱ። «ሙዜ ነው ያላወቀው።»

ሃያ። ያንን ቁጥር ስሰማ በሩ ላይ ቦርሳ አንግበው የቆሙት እርስዎ ትዝ አሉኝ። ተነሳሁና ወደ ቫልቯ ሄድኩ። ሐሙስ የታችኞቹ ተራ ስለሆነ ሲሳይ ጠዋት ከፍቷታል። «ልዘጋት ነው፤ ሃያ ላይ መቆም አለባት፣ ቁጠሩልኝ» አልኩ። ማዞር ጀመርኩ። ተከትለውኝ መጥተው ከበቡኝ፤ ላይኞቹም ታችኞቹም በጋሞኛ አብረው ቆጠሩ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አብረው ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል። ሃያ ደረሰ። አልቆመችም። ሃያ አምስት። ሠላሳ። አርባ ሦስት ላይ ክንዴ ዛለና ተውኩት። ወደ ታችኞቹ የሚሄደው ውሃ ደግሞ እንደነበረው ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ታማለች» አልኩ። «ዘንጓ ውስጥ ያለው ጥርስ ተበልቷል። መዘውሩ ይዞራል፣ ዘንጉ ይዞራል፤ የምትዘጋው ብረት ግን መሐል ላይ ተንጠልጥላ ቀርታለች። ሰው ሃያ ቢያዞራትም መቶ ቢያዞራትም ግማሽ ናት። በላይኞቹ ተራ ውሃውን የላይኞቹ ቅርንጫፎች ቀድመው ስለሚወስዱት አለመዘጋቷን ማንም አላስተዋለም።»

 ከዚያ ዘሪቱ ዞረች።

«ሲሳይ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሃያ ሃያ ስታዞር ነው የኖርከው?»

«ምን ላድርግ፤ ሥራዬ ነው።»

ዘሪቱ ነጠላዋን አስራ ራሷ ሃያ ዙር አዞረች። አዩልኝ፣ ዘሪቱ!

እዚህ ላይ ደብዳቤዬ ቢያልቅ ሁላችንም ደህና በሆንን። ሃላቃ ኦይታ ግን አልጨረሱም። «የዛሬ ሦስት ዓመት ለሸጠው ሰው ደውለን ነበር» አሉ። «እዚሁ ዛፉ ሥር፣ ስልኩን ላውድ ላይ አድርገን። ሰውዬው 'ቫልቩ ደህና ነው፣ የሚያዞረውን ሰው ፈትሹ' አለ። ሁላችን ሰማን። ሲሳይ ላይ የፈረድነው በዚያ ቃል ነው።» ከዚያ እኔን ዓይን ዓይኔን እያዩ «ማን ነበር?» አሉ።

ጋሽ፣ የቫልቯ አንገት ላይ ቀይ ቀለም አይቻለሁ። በሸጡት ቫልቭ ሁሉ ላይ በቀይ ቁጥር የሚጽፉት ማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ብሩሹን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ግንቦት ሙሉ ሃያ ምናምን ቫልቭ ላይ አብረን ጽፈናል። «አላውቅም» የምትል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ቁጭ አለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ረጅም ጊዜ ነው የተቀመጠችው። ከዚያ ሲሳይን አየሁት።

«አስተማሪዬ ናቸው» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በአጭሩ ልጨርስ። ዘሪቱ «የማይሰወረውስ የላችሁም?» አለችኝ። አለ አልኩ፤ ዘንጉ ብቅ የሚል፣ ማንም ከዛፉ ሥር ሆኖ የሚያየው። ሱቃችን ውስጥ ግን የለም፣ ማስመጣት አለብኝ፤ ዘንጉ ላይ አቧራ ስለሚቀመጥ በየጊዜው ግሪስ ይፈልጋል፤ ሱቃችን ውስጥ ያሉት አርባ ስውሮች ናቸው፣ እኔም የተላክሁት እነሱን ልሸጥ ነው አልኩ። ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሻጭ ሳይሆን ቆጠራ ላይ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ ጠባቂ ነበር የመሰልኩት።

«ግሪሱን ለእኛ ተይው» አለች ዘሪቱ። «የሚታየውን አምጪ።»

ሃላቃ ኦይታ ግን ከዘራቸውን አነሱ። «እንገዛለን። አሥራ አራቱንም። ግን መጀመሪያ ያ ሰውዬ ይምጣ። ቃሉ እዚህ ዛፍ ሥር ነው የወደቀው። መጥቶ ራሱ ያንሳው።» በስልክ አይሆንም ወይ አልኳቸው። «በስልክ ነው እኮ የወደቀው» አሉኝ።

ሲሳይን ግባና ተቀመጥ አሉት። እምቢ አለ። «ያስወጣኝ ቃል ገና እዚያው ነው» ብሎ ከድንጋዮቹ ውጭ እንደተቀመጠ ቀረ።

ለአቶ ኃይለመስቀል ይህን ሁሉ ሳስረዳ «አርባ ቫልቭ ልትሸጪ ሄደሽ አንድ ጡረተኛ ልታመጪ ታዝዘሽ መጣሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ብዙ ከጮሁ በኋላ አርባዎቹ ለጊዜው ይቆዩ አሉ፦ የአሥራ አራቱ ትእዛዝ እስከ ሰኔ ሠላሳ በእጄ ከገባ እቆያለሁ፣ ካልገባ እሄዳለሁ፤ ይህንንም በጽሑፍ ሰጡኝ። የማኅበሩ ስብሰባ ደግሞ ከዚያ በፊት ያለው ቅዳሜ ብቻ ነው።

እርስዎን ለመውቀስ አይደለም ቀለም የጨረስኩት። ያን ቀን ለምን ሄደው እንዳላዩ አላውቅም። ምናልባት ስምንት ሰው ደውሎልዎ ይሆናል፤ ምናልባት ራስዎን አሞዎት ይሆናል። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እኔ ራሴ የሰጠሁትን መልስ ሁሉ መዝገብ አውጥቼ አየሁ፤ ሁለት ጊዜ በስልክ «ደህና ነው» ብያለሁ። አርብ ዕለት ሁለቱም ጋ ሄድኩ። አንዱ ደህና ነበር።

የሚናገሩት ረጅም አይደለም። «ቫልቩን ሳላይ ደህና ነው ብዬ ነበር» ብለው፣ ሲሳይን በስሙ ይጥሩት። ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቅዎትም፤ ዘሪቱ ትጠይቅዎት ይሆናል፣ እሷን እኔ እችላታለሁ። ሰዎቹ ሊያዋርዱዎት አይደለም። ሃላቃ ኦይታ «ሽማግሌ ነው ወይስ ወጣት?» ብለው ጠይቀውኝ ሽማግሌ ናቸው ስላቸው «እንግዲያ ጥላው ወዳለበት ድንጋይ» ብለው ለአንዱ ሰው ቦታዎን አሳዩት።

ብሮሹሩን ደግሞ አቃጥያለሁ። ሰባቱንም ቀለም። ለአዲሷ ቫልቭ ስም እንድፈልግ አይንገሩኝ፤ ገበሬዎቹ «የምትታየዋ» እያሏት ነው፤ ይበቃታል። ለአዲስ አበባው አስመጪም ጽፌያለሁ፤ ዕቃው በእጁ አለ። እርስዎ ቢመጡም ባይመጡም፣ እኔ ብባረርም ባልባረርም፣ ያቺ የታመመች ቫልቭ ትነሳለች። ብባረር ባጁን መልሼ የቡሎን ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ፤ ቁልፉ የራሴ ነው፣ ቡሎን መፍታትም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የሲሳይን ነገር ግን በቁልፍ መፍታት አልችልም። እሱን የሚፈታ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ፖም እያጠጣ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲቀላ መናኸሪያ እቆማለሁ። ከጨንቻ የሚወርደው የመጀመሪያው ሚኒባስ ያለ እርስዎ ከመጣ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ። ሁለተኛውም ያለ እርስዎ ከመጣ በዚያው በመልሱ ተሳፍሬ እወጣና ከችግኞችዎ መሐል አገኝዎታለሁ፤ ያን ጊዜ ኔትወርክ የለም ማለት አይቻልም። ስንዘገይ ምን ይሆናል ብዬ ሃላቃ ኦይታን ጠይቄያቸዋለሁ። እስክንደርስ ስብሰባውን አይበትኑትም።

እስከ ሰኔ ሠላሳ የሽያጭ መሐንዲስ፣ ሁልጊዜ ግን ተማሪዎ፣

ኖላዊት